ዩታ ላይ ወረድ በሉ

ሰላም የትራክ ሹፌር ወገኖች፣ መንገድ እንዴት ይዟችኋል?

በኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና የአሜሪካዋን ዩታ ግዛት የምታቋርጡ፣ ዌንዶቨር አጠገብ ያለውን የቦንቪል ጨው ሜዳ ሳታዩ እንዳታልፉ። ግዴታ ለሆነችው የ30 ደቂቃ እረፍት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ማረፊያው መንገዱ ዳር ነው፤ የትራክ ማቆሚያም አለው። ጥቂት ራመድ ስትሉ ጨዉ ከጫማችሁ ስር ይንኮሻኮሻል። ዳናኪልን ያየ ሰው አፋር የገባ ይመስለዋል፣ ሙቀቱ ብቻ ሲቀር። በብርዱ ወራት ውሃ ይተኛበትና ተራሮቹ ተገልብጠው ይታያሉ።

ትራኩን ግን ወደ ጨዉ እንዳትነዱ! ላዩ ደረቅ ቢመስልም ስሩ ጭቃ ነው። የመጎተቻው ሂሳብ ደግሞ አይጣል ነው።

ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ከደወለ? እረፍት ላይ ነኝ በሉት።

የ34 ሰዓት ሪሴት (የሳምንት የሥራ ሰዓታችንን ከዜሮ የሚያስጀምረው እረፍት) ያላችሁ ሶልት ሌክ ሲቲ ጎራ በሉ፤ የሀበሻ ምግብ አይጠፋም። በኢንተርስቴት 40 መስመር አሪዞና የምትመላለሱ፣ ትራክ የሚያስቆም ቦታ ካወቃችሁ ጻፉልን።