ለእንግዳ ሳሎን፣ ለሥራ የአልጋ ጫፍ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሙያዬ ሒሳብ ነው። የአምስት ሱቅና የአንድ ወፍጮ ቤት መዝገብ ይዤ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ውጭ ቢሮ ልከራይ ብል ኪራዩ አይቀመስም። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ቢሮ ስለማዘጋጀት ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው። ፎቶውን ሳይ ግን ሳቄ መጣ። ነጭ ግድግዳ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ አንድ አበባ፣ አንድ ሲኒ። ደረሰኝ የለም፣ ሽቦ የለም፣ ልጅ የለም። እንዲህ ያለ ቤት ደሴ ውስጥ ካለ ጠቁሙኝና ዛሬውኑ ልግባበት።

እኔ የራሴን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት የሠራሁት አልጋ ጫፍ ላይ ነው። ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ፣ ደረሰኙ ፍራሹ ላይ፣ ካልኩሌተሩ ትራሱ ሥር። ማታ ስነሳ ወገቤን ይዤ ነበር የምነሳው፣ አንገቴማ አይነሳ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ አራት በአምስት የሆነ ሳሎን አለን። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። ቡፌው ውስጥ ከሠርጌ ጀምሮ ያልወረዱ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እንግዳ እሁድ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል። እኔ በቀን አሥር ሰዓት እሠራለሁ። ለእሱ ሳሎን፣ ለእኔ የአልጋ ጫፍ! እንግዳ አይክበር አላልኩም፣ ወሎ ተወልጄ እንዲህ ብል ማን ያናግረኛል። ግን እንጀራ ለሚያመጣው ሥራ አንድ ጥግ እንኳ አለመተዋችን እኔን ያናድደኛል፣ ለመጻፍም ያነሳሳኝ ይሄው ነው።

የሴት ደግሞ ይብሳል። ቤት ውስጥ ከሠራሽ ሥራ የለሽም ማለት ነው። «እቤት አይደለሽ እንዴ?» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ውሃ ስትመጣ በርሜል የምሞላው እኔ፣ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቁልፍ የምሰጠው እኔ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ወንበር የምቆጥረው እኔ። ሐምሌ ገብቶ የግብር ሰሞን ሆኖ፣ ባለሱቆቹ በስልክ ነፍሴን እያወጧት፣ አንዷ ጎረቤቴ ብቅ ብላ «ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ነይ ቡና እንጠጣ» አለችኝ። ዝም ብለሽ! ከፊቴ ሦስት መቶ ደረሰኝ ተዘርግቶ።

ስለዚህ ጠረጴዛ ከመግዛቴ በፊት በር ያለው ቦታ ፈለግኩ። ምንም ዓይነት ወንበር ቢገዛ በር ከሌለው ቢሮ አይሆንም። ቦታውን ያገኘሁት ደግሞ በልጄ ጠመኔ ነው። በጥር አንድ ቅዳሜ፣ በጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በ4፣ በ6 እና በ9 ሰዓት እየዞርኩ በየክፍሉ ፀሐይ የደረሰችበትን ወለል አሰመርኩ። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ በበጋ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በታኅሣሥና በጥር፣ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ነው የምትሄደው። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ሙቀቱን በነፃ ያገኛል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ትዞራለች፣ ያን ጊዜ ያው መስኮት ጥላ ይሆናል። የሰሜን መስኮት በበጋ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ እኩል ነው፣ ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ጋቢ ሳይደርቡ አይቀመጡበትም። በክረምትማ ጉሙ ገብቶ ወረቀቱ ሁሉ እንደ እርጥብ እንጀራ ይልፈሰፈሳል።

ጠመኔው የት ተሰበሰበ መሰላችሁ? ዕቃ ቤቱ ውስጥ! ሁለት በሁለት ሜትር ተኩል የሆነች፣ ወደ ደቡብ የምታይ ክፍል፣ መስኮቷን በርበሬ ከረጢትና ባዶ ጀሪካን ደፍኖት ኖሯል። የቤታችንን ምርጥ ፀሐይ ስንት ዓመት ሲሞቅ የኖረው በርበሬ ነው። አማቴ ዕቃው ሲወጣ ቅር ብሏቸው ነበር። ከረጢቱን ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ወጥ ቤት ጥግ አስቀመጥንላቸውና ዝም አሉ። ጀሪካኑ ግን እስካሁን ኮሪደር ላይ ነው፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ የማወራው አለኝ። የተዘጋጀው ጠረጴዛ ሁሉ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ55 ነው። 75 ላይ ስጽፍ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ማታ የሚያመኝ እሱ ነው። ልኩን ማወቅ ለሚፈልግ ሜትር ይያዝ። እግርህ መሬት ነክቶ፣ ጉልበትህ ታጥፎ ተቀመጥ። ትከሻህን ጣል አድርገህ ክንድህን አጥፈው። ከወለል እስከ ክርንህ ያለው ልክ የጠረጴዛህ ቁመት ነው። የእኔ 66 ወጣ። ሄጄ ለአናጺው ነገርኩት።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሕፃን ጠረጴዛ ነው።»

«የእኔ ጠረጴዛ ነው፣ 66 አድርገው።»

«እሺ፣ አብሽሪ።»

አብሽሪ ያለኝ ሰውዬ በሦስተኛው ሳምንት ያመጣው 75 ነበር። ሜትሬን አውጥቼ ስለካ «ለራስሽ ብዬ ነው፣ ነገ ብትሸጪው ማን ይገዛሻል?» አለኝ። ለሽያጭ መች አሠራሁት! ደግሞ እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነበር፤ በጋው ሳያልፍ አንዱ ጠርዝ እንደ ጎባጣ ሽማግሌ ብድግ አለ። ጣውላው ደርቆ መሆኑን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። እግሮቹን ባለቤቴ ዘጠኝ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር በመጋዝ ቆረጠልኝ። አንዱ ትንሽ አጠረ፣ ሥሩ ካርቶን አጥፌ አለበት። ትከሻዬ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ወንበር የሚሽከረከረውን አልገዛሁም፣ ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ። የምግብ ጠረጴዛችንን አንድ የእንጨት ወንበር ወሰድኩ። መቀመጫው ላይ ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ ከወገቤ ጀርባ የተጠቀለለ ፎጣ። ላፕቶፑን ሁለት አሮጌ የሒሳብ መዝገቦች ላይ አቆምኩት፣ የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይኔ እኩል እንዲሆን፣ ርቀቱም የክንዴን ያህል። ከፍ ሲል ኪቦርዱ ስለማይመች ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ገዛሁ። ለዚህ ሁሉ ካወጣሁት ገንዘብ በደንብ የሠራልኝ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም፣ አንገቴ ምስክር ነው። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ጎን ነው፣ ፊት ለፊትም ጀርባውን ሰጥቶም አይደለም። ፊት ለፊት ከሆነ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፣ ከጀርባ ከሆነ መስኮቱ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይታያል። መስኮቱ በግራዬ ነው፤ በቀኝ ስለምጽፍ የእጄ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይወድቅም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ያረጀ ነጠላ እጋርድባታለሁ። ከገበያ መጋረጃ ሁሉ ይሻላል፣ ብርሃኑን ሳይዘጋ ያለሰልሰዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ ስትጠጋ ክፍሌ ይበርዳል። አንድ ቀን ማታ ሥራ በዝቶብኝ ከሰል ምድጃ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። መስኮቱም ተዘግቷል። ሞቀኝ፣ ደስ አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ይደራረብብኝ ጀመር፣ 3 ይሁን 8 መለየት አቃተኝ፣ ግንባሬን እንደ ቀለበት የሚያጠብቅ ራስ ምታት ያዘኝ። ድካም መስሎኝ መዝገቤን ጨርሼ ልተኛ ነበር። አማቴ እራት ሊጠሩኝ በሩን ሲከፍቱ ጮኹ፣ ጎትተው ግቢ አወጡኝ። የከሰል ጢስ ጠቆር ብሎ ካልታየ የሌለ ይመስለናል። የሚገድለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታስገቡ፣ ቢቀጣጠልም ፍም ቢሆንም። እኔ አሁን በወፍራም ካልሲ፣ እግሬ ሥር በበግ አጎዛ፣ ጉልበቴ ላይ በጋቢ ነው የምሠራው። መልኬ የቢሮ ሰው አይመስልም፣ ማን አየኝ።

ስለ መብራት በአጭሩ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት አያልፍም። እኛ ቤት ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ እንጀራ ሲጋገር አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ማከፋፈያው ይግላል፣ አንድ ቀን የፕላስቲኩ ሽታ አስደነገጠኝ። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ለምጣዱ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ከቆጣሪው አስዘረጋሁ። ሶኬቴንም ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ ተከለልኝ፣ ሽቦ እግር ሥር መርመስመሱ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፤ ችግሩ ዋይፋዩ አብሮ መጥፋቱ ነበር። የኛ ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ ትንሽ ባትሪ ገዛሁለት፣ ጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። ገዥዎች ከራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ግዙ።

የቆርቆሮውን ጩኸት ግን አላሸነፍኩትም። ክረምት 8 ሰዓት አካባቢ ዝናቡ ሲወርድ ስልክ መስማት አይቻልም። የጨርቁን ኮርኒስ በቺፑድ ቀየርኩት፣ ትንሽ ቀነሰ። ደንበኞቼም ለምደውታል፣ «ዘንቧል እንዴ? መልሼ እደውላለሁ» ብለው ይዘጋሉ።

በሩንም ለመዝጋት ጊዜ ወስዷል። መጀመሪያ ስዘጋ አማቴ «ተጣላችሁ እንዴ?» ብለው ባለቤቴን ጠየቁት። በኋላ ተስማማን። ቡና በ4 ሰዓትና በ10 ሰዓት፣ አቦልም በረካም ሙሉውን እጠጣለሁ፣ ከዚያ ውጭ በሩ ከተዘጋ ሥራ ላይ ነኝ። ልጆቹ ቶሎ ገባቸው። ጎረቤቶቼ እየገባቸው ነው።

እህቴ ኮምቦልቻ ናት። የእኔን አይታ ዕቃ ቤቷን ልትለውጥ ስትል ከለከልኳት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሞሉ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው። እኔ ፀሐይ ስለምን እሷ ጥላ ትለምናለች። ወደ ምዕራብ የሚያየው ክፍሏ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ነው። ለሰሜኑ ክፍል ሁለት መስኮት ትይዩ አስከፍታ ነፋሱ እንዲያልፍ አድርጋለች፣ ከባዱን ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ትጨርሳለች። በኛ አገር በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንኳ አንድ ምክር ለሁለት ቤት አይሆንም። ለዚህ ነው የናንተ ፎቶ ያሳቀኝ።

ባለፈው ወር ወንድሜ ቤት ሊሠራ ፕላን አስነስቶ አሳየኝ። ሳሎን አምስት በስድስት። ሁለት መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ በረንዳ። እሱ ደግሞ ለሥራው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። «አንተ የት ትቀመጣለህ?» አልኩት። ፕላኑን አገላብጦ አየና «ሳሎን እቀመጣለሁ፣ ምን ችግር አለው» አለ። «ሰው ሲመጣስ?» ዝም አለ። ጠረጴዛ 1 ሜትር ከ20 በ60 ነው፣ ከኋላው ወንበር ለመሳብ አንድ ሜትር ይበቃል። ግድግዳው ተጨምሮ ሁለት በሁለት ሜትር ከሳሎኑ ደቡብ ጥግ ብትቆርጥ ሳሎንህ አሁንም ሃያ ሰው ይችላል አልኩት። ፕላን የምታነሱ ሰዎች ይሄን ደንበኛችሁ ሳይጠይቃችሁ ብትጠይቁት ምናለ? ግድግዳ ከቆመ በኋላ እኮ እንደኔ በርበሬ ማባረር ነው።

ወንድሜ እርሳስ አነሳ። መስመሯን ሳበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ቡፌውስ የት ይቀመጣል?» አለኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከደሴ