ካሬም ሬክታንግል ነው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ሐረር አያትሽ ጋር አየሩ እንደሚስማማሽ አልጠራጠርም።

በስልክ ያነሳሽው ጥያቄ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት። ጓደኛሽ «ካሬ ሬክታንግል አይደለም» ስትል አንቺ «ነው» ብለሽ ተከራክረሻል። አቦ፣ ልክ ነሽ! ግን ምክንያቱን ካላስረዳሻት ክርክሩ አያባራም።

ሬክታንግል ማለት አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ የሆኑ ጎነ አራት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለቱ ጎኖች ከሌሎቹ ይርዘሙ የሚል ነገር የለበትም። የካሬም አራቱ ማዕዘኖች 90 ዲግሪ ናቸው። ስለዚህ ሬክታንግል ለመባል ምንም አይጎድለውም። በዚያ ላይ ጎኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሁሉ የሐረር ነዋሪ ነው፤ የሐረር ነዋሪ ሁሉ ግን ጀጎል ውስጥ አይኖርም። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።

ቅርጽን በመልኩ ብቻ መለየት እንደማይቻል እኔን ያስተማረኝ የብየዳ ሥራዬ ነው። የበር ፍሬም ስሠራ ሁለት ቱቦላሬ በ2 ሜትር፣ ሁለት ደግሞ በ90 ሳንቲም እቆርጣለሁ። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ታዲያ ሬክታንግል ሆነ? ገና ነው። በፑንታ ብቻ፣ ማለትም ጥጎቹን በትንሽ ነጥብ ብየዳ ይዤው ሳለ ትንሽ ወደ ጎን ሊያጋድል ይችላል። ጎኖቹ ያው ናቸው፤ ማዕዘኖቹ ግን ሁለቱ ይጠባሉ፣ ሁለቱ ይሰፋሉ። ያ ፓራሌሎግራም ነው፤ ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ጎነ አራት ማለት ነው። ዓይን ላያየው ይችላል፤ በሩ ሲገጠም ግን አልዘጋ ይላል።

ስለዚህ ሜትሬን አውጥቼ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ እለካለሁ። ቀጥሎ ሌላኛውን ሰያፍ። ሁለቱም እኩል፣ 2 ሜትር ከ19 ሳንቲም አካባቢ ከመጡልኝ፣ ማዕዘኖቹ 90 ናቸው፤ እበይዳለሁ። አንዱ ከረዘመ በእሱ በኩል ጥጉን መታ መታ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ግንበኞችም የቤት መሠረት ሲያወጡ ሰያፉን ይለካሉ።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሰያፎቹ እኩል ስለሆኑ ብቻ ሬክታንግል ነው አትበዪ። ሁለት ጎኖቹ ትይዩ ሆነው ሌሎቹ ሁለቱ በእኩል ርዝመት ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ትራፒዚየምም ሰያፎቹ እኩል ናቸው። እኔ በሰያፍ ብቻ የምተማመነው ተቃራኒ ጎኖቹን አስቀድሜ እኩል ስለቆረጥኩ ነው።

ትይዩ የሚለው ከከበደሽ ለገሃር ያየሽውን የድሮ ሐዲድ አስቢ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ነው። ቀጥ ባለው መስመር የትም ብትለኪው ያው 1 ሜትር ነው፤ አይጠብም፣ አይሰፋም። ፓራሌሎግራም እንዲህ ያሉ ትይዩ ጎኖች ሁለት ጥንድ አሉት። ትራፒዚየም ላይ መጻሕፍት ይለያያሉ፤ አንዳንዱ «አንድ ጥንድ ብቻ» ይላል፣ አንዳንዱ «ቢያንስ አንድ ጥንድ»። የራስሽ መጽሐፍ የሚለውን ያዢ።

ሮምበስ አራቱም ጎኖቹ እኩል ናቸው፤ ስለ ማዕዘኑ ግን ግድ የለውም። ሰያፎቹ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ። እንግዲህ ካሬ ሮምበስም ነው ማለት ነው! ይህንን ለጓደኛሽ ስትነግሪያት መጀመሪያ እንደማትቀበልሽ እገምታለሁ። ብዙ ልጆች ደግሞ ካሬ በጥጉ ሲቆም «አሁን ካሬ አይደለም» ይላሉ። ወረቀቱን ብታዞሪው ጎኑም ማዕዘኑም አልተነካም። ካሬ ነው።

የሁሉም ጎነ አራት ማዕዘኖች ድምር 360 ነው። በአንድ ሰያፍ ብትከፍይው ሁለት ጎነ ሦስት ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 180። ይህንን በቃልሽ አትያዢው፣ ሥዪና እዪው።

አራት እኩል እንጨቶች ጫፍና ጫፋቸውን በክር እሰሪና አንዱን ጥግ ገፋ አድርጊው። ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ጽፈሽ ላኪልኝ። የሰያፎቹንም ርዝመት በየጊዜው ለኪ።

ለአያትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ደብተር ካለቀብሽ ንገሪኝ፣ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

አባትሽ
ከድሬዳዋ