ለከባድ መኪና ሹፌር ልምምዱም ፈተናውም ጭነት ይዞ ይሁን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከቃሊቲ ነው። የደረቅ ጭነት ሹፌር ነኝ፤ ተሳቢ ይዤ የጅቡቲን መስመር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁንም እየሠራሁ ነው። ከባድ መኪና አደጋ ባደረሰ ቁጥር ጋዜጣው ላይ የሚወጣውን አነባለሁ። ዜናው ብዙ ጊዜ "ፍሬን እምቢ ብሎት" ወይም "ከመጠን በላይ በፍጥነት ሲያሽከረክር" ብሎ ያበቃል። ሹፌሩ በምን መኪና ተማረ፣ ሲፈተን ምን አደረገ፣ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ማን አብሮት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ መጠየቅ የፈለግኩት ይህንን ነው።

ነገሩ የከነከነኝ የእህቴ ልጅ ደረቅ ሦስት ሲማር በቅርብ ስላየሁት ነው። ለማታውቁ አንባቢዎች፣ ደረቅ ሦስት የሚባለው ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና የሚነዳበት ፈቃድ ነው፤ እኛ የድሮዎቹ አምስተኛ የምንለው። የሥራ ማስታወቂያ ላይም "ደረቅ 3 ወይም የቀድሞው 5ኛ" ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ጎበዝ ነው። የክፍል ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናውን አለፈ፤ የመንገድ ምልክቱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከዚያ ተግባር ገባ። ልምምዱ ሜዳ ላይ ነው፣ መኪናው ባዶ ነው፣ አንዱ ሲነዳ ሌሎቹ ዳር ቁጭ ብለው ተራ ይጠብቃሉ። መነሳት፣ ማርሽ መቀየር፣ በተተከሉት እንጨቶች መሃል ወደ ኋላ መግባት፣ ትንሽ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት። በቃ። በዚያው ተፈተነ፣ አለፈ፣ ፈቃዱን ተቀበለ። አሠልጣኞቹን አልወቅስም። የተጠየቁትን አስተምረዋል። የተጠየቁት ነገር ነው ያነሰው።

ጭነት ያለው መኪና ሌላ ነገር ነው። ባዶ ሲሆን ፍሬን ነካ ስታደርገው የሚቆመው መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ማዳበሪያ ሲጫንበት እንደዚያ አይታዘዝም። ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ ካልገባህ ደግሞ መቼ እንደሚከዳህ አታውቅም። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፕሬሰር አየር እያመቀ ታንኮቹን ይሞላል፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ያ አየር ሄዶ የፍሬኑን ሸራ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያጣብቀዋል። ቶሎ ቶሎ ከረገጥከው ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው በላይ አየር ትጨርሳለህ። ረግጠህ ይዘህ ረጅም ቁልቁለት ከወረድክ ደግሞ ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ። የጋለ ሸራ አይዝም። አየሩ አለ፣ ፔዳሉም እግርህ ስር አለ፣ መኪናው ግን አይቆምም። በስፖኪዮ ጭስ ማየት ስትጀምር ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ዜናው "ፍሬን እምቢ ብሎት" የሚለው አደጋ ስንቱ እንዲህ የመጣ እንደሆነ ሰው ቢያጣራው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው። ገና አናቱ ላይ ሳለህ ፍጥነትህን ቀንሰህ ከባድ ማርሽ ታስገባለህ፣ መኪናውን ሞተሩ ይይዝልሃል፣ ፍሬኑ ለእርዳታ ይቀመጣል። መሃል ከደረስክ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብለህ ብታወጣው ላይገባልህ ይችላል፤ ያኔ ያን ሁሉ ጭነት ዜሮ ማርሽ ላይ ይዘህ እየተንደረደርክ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሆን ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርድም አለ። ይህ በሰው ነፍስ ቁማር መጫወት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ይህን ሜዳ ላይ መማር አይቻልም። ቁልቁለት ደግሞ አገራችን ሞልቷል። የአባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ተሻግረህ ደግሞ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ጣርማበር ላይ ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጉሙ ከሸፈነህ የምታየው ከፊትህ ያለውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ አፍንጫችን ስር ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው መንገድ ከደርባ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይመላለሳል። ከታች ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። እዚያ መንገድ ላይ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው የመጀመሪያ ቁልቁለቱ እዚያው እንዲሆን መፍቀድ አልነበረብንም።

ተሳቢውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እኛ አገር ብዙ መኪና የሚጎትተው የራሱ የፊትና የኋላ ጎማ ያለውን ተሳቢ ነው። ይህ ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ከመኪናው ጋር በተያያዘበትና የፊት ጎማዎቹ በሚዞሩበት። ጋቢናው ጀርባ ላይ ተደግፎ የሚጎተተው ከፊል ተሳቢ ግን አንድ ቦታ ብቻ ስለሚታጠፍ ቶሎ ይለመዳል። በአንዱ የለመደ እጅ ሌላኛው ላይ ይሳሳታል። ወደ ፊት ስትሄድም ተሳቢው ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ጋቢናህ ስላለፈ አልፌአለሁ ካልክ የኋላው ጎማ እግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። ባጃጅና ሞተር ደግሞ ስፖኪዮ የማያሳይህ ቦታ ገብቶ አጠገብህ ይቆማል። ቃሊቲ አደባባይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

እኔ የተማርኩት በረዳትነት ነው። ጠዋት ከሹፌሩ በፊት ተነስቼ ከአየር ታንኩ ውሃውን አፈስሳለሁ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታሁ በድምፃቸው እለያለሁ፣ ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘው ጋንቾ መቆለፉንና የአየር ቱቦው አለመተንፈሱን አያለሁ፣ የጭነቱን ሸራና ገመድ አጠብቃለሁ፣ ዳገት ላይ ስንቆም ዘልዬ ወርጄ ጎማው ስር ታኮ አደርጋለሁ። ከአዋሽ በኋላ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሰመራን እያልን ስንሄድ ሙቀቱ ጎማ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያወቅኩት ያኔ ነው። ጫት ቅሞ ሌሊቱን ያነጋ ሹፌር ጎን ተቀምጬም ምን ማድረግ እንደሌለብኝ ተምሬያለሁ። ከእኔ በፊት በነኤንትሬ፣ በድሮው የፊያት ከባድ መኪና ዘመን የነበሩትም የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ያን ጊዜ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ረዳት ይሰደብ ነበር፣ ጭነት ላይ ያድር ነበር፣ ደሞዙ ሹፌሩ ደስ ሲለው የሚሰጠው ነበር። ፈቃድ ሳይኖረው ሌሊት መሪ የሚይዝም ነበር፤ ያ ስህተት ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ማንም ሰው ብቻውን ጭነት ይዞ ከመውረዱ በፊት ከሚያውቅ ሰው ጎን ሆኖ ደጋግሞ ወርዷል። አሁን መሪ የሚይዝ ሰው ተምሮና ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣቱ ትክክል ነው፤ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ከወጣም ዓመታት አልፈዋል። በተግባር የማየው ግን ትምህርት ቤቱን ይዘን ጋቢናውን እንደጣልነው ነው። በጋቢና ያለፈው ጊዜ ወረቀት ላይ ዋጋ የለውም።

ውጤቱን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ፈቃዱን ይዞ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይላል። በባለንብረቶቹ አልፈርድም፤ ሚሊዮኖች የወጣበትን መኪና፣ ምናልባትም ገና የባንክ ዕዳ ያለበትን፣ ለማያውቁት ልጅ አይሰጡም። ታዲያ አዲሱን ሹፌር ማን ይወስደዋል? ልምድ የማይጠይቀው ነዋ። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማታ ማታ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ ገልባጭ ነው። ክፍያው በቢያጆ ነው፤ ብዙ በተመላለስክ ቁጥር ብዙ ታገኛለህ። ከባድ መኪና ቀን ከተማ ውስጥ የሚገባበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ ሥራው ሌሊት ነው። እስቲ አስቡት። ልምድ የሌለው ልጅ፣ በሌሊት፣ ጭነት ሞልቶ፣ በጥድፊያ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር መሃል። ሲኖትራክን ሰው "ቀይ ሽብር" ሲለው እሰማለሁ፤ ሐዘኑ ይገባኛል። መኪናው ግን እንደማንኛውም መኪና ነው። ከበድ ያለውን ሥራ ለጀማሪ የሰጠነው እኛ ነን።

ምን ይደረግ ለሚለው የራሴ ሐሳብ አለኝ። ልምምዱ ጭነት ይዞ ይሁን። ውድ ዕቃ መጫን የለበትም፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ ወይም የሲሚንቶ ብሎኬት ይበቃል። ተማሪው ከአሠልጣኝ ጋር እውነተኛ ቁልቁለት ይውረድ፣ ፈተናውም ላይ ይህ ይኑር፤ አናቱ ላይ ማርሹን ያልቀነሰ አይለፍ። ከመነሳቱ በፊት መኪናውን ዞሮ መፈተሽም ፈተና ይሁን። ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ልምድ ካለው ሹፌር ጋር ይሂድ፣ የሄደበት መስመርና የጫነው ጭነት በደብተር ይመዝገብለት፣ ሹፌሩ ይፈርምለት፣ ያ ደብተር የሥራ ልምድ ተብሎ ይቆጠር። ለሚያስተምረው ሹፌር ይከፈለው፤ በነፃ የሚሠራ ነገር ለአንድ ሰሞን ነው።

ደብተሩ ለሴቶችም በር ይከፍታል ብዬ አምናለሁ። ከእህቴ ልጅ ጋር የተማረች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ወደ ኋላ ስትገባ መሪ አያያዟ ከሁሉም ይሻል እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። እሷን ረዳት አድርጎ የሚወስድ ሹፌር አልተገኘም። መንገድ ላይ የሚታደረው ጋቢና ውስጥ ነው፣ ቤተሰብም አይፈቅድም፣ ወሬውም አለ። ልምዱ በሥርዓት የሚሰጥ ቢሆን፣ ቀን ሄዶ ማታ በሚመለስ አጭር መስመር፣ ለምሳሌ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ መጀመር ትችል ነበር።

ወጪው ይበዛል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ነዳጅ ውድ ነው፣ ጎማ ውድ ነው፣ አሁን ያለው የሥልጠና ክፍያም ለድሃ ልጅ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የማይከፈልበት ብዙ ነገር አለ። ቀን ቀን ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ሰዓት ወይም ጭነት እየጠበቀ የሚውል መኪና ስንት ነው? ሹፌሩ ጎሚስታ ቤት ወይም ሻይ ቤት ቁጭ ብሏል። እዚያው የቆመ መኪና ላይ ጋንቾ ማያያዝን፣ ሸራ ማሰርን፣ አየር ሲተነፍስ በጆሮ መለየትን ማስተማር ነዳጅ አይፈጅም። ጉልበታቸው ደክሞ መንዳት ያቆሙ ሽማግሌ ሹፌሮችም በየሰፈሩ አሉ። ገላን ብትሄዱ፣ ዱከም ብትሄዱ ታገኟቸዋላችሁ። የሚጠይቃቸው የለም እንጂ ለማስተማር አይሰስቱም። የትራንስፖርት ማህበራቱ ይህን ማስተባበር የሚያቅታቸው አይመስለኝም።

የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ባቡሩ እንዶዴ ድረስ መጥቶልናል፣ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መጋዘኑ፣ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ገጠሩ የሚያደርሰው ግን መኪና ነው። ሹፌር ያስፈልገናል፣ ወጣቶቹም ሥራ ይፈልጋሉ።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጥያቄዬን ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል አቅርቡልኝ። ለደረቅ ሦስት የሚፈተን ሰው ጭነት ይዞ አንድ ቁልቁለት እንኳ ሳይወርድ ለምን ያልፋል? መልሱን ጋዜጣው ላይ ብታወጡት ቃሊቲ ያለን ሹፌሮች ሁላችንም እናነበዋለን። ጋዜጠኛ ልካችሁ ነገሩን በዓይኑ ይይ ካላችሁም ቁልቁለቱን ጋቢናዬ ውስጥ አስቀምጬ አሳየዋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ የደረቅ ጭነት ሹፌር፣ ከቃሊቲ