ሁለቷን ለምትፈልገው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ገብቷል። የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

መጀመሪያ ወቀሳ አለኝ። ባለፈው የላክሽው ፎቶ የመቃብር ድንጋይ መሆኑን አስቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት? እናትሽ ስልኩን ከፍታ ስታየው ክው አለች። «ማን ሞቶባት ነው?» ብላ ልትጮህ ስትል ነው ከእጇ የነጠቅኳት። መነጽሬን አድርጌ ሳየው ማክስ ቦርን ይላል። ቀመርም ተቀርጾበታል፦ ፒ ኪው ሲቀነስ ኪው ፒ። ሰው መቃብሩ ላይ ቀመር ሲያስጽፍ እሷም አይታ አታውቅም። «የምታውቀው ሰው ነው?» አለችኝ። «እኔ በስም ነው የማውቀው፣ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ አሁን ልጅሽ ያለችበት የጀርመኑ ጎቲንገን ከተማ ሰው ነው» አልኳት።

እሑድ ስትደውዪ ግን ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ሦስት ወር የለፋሽበት የቅንጣቶች ግጭት ስሌት መጨረሻው ላይ ከሚጠበቀው ሁለት እጥፍ ሆኖ ወጣ አልሽኝ። «አባዬ፣ ሁለቷ ከየት እንደመጣች አጣኋት፤ ሁሉንም ትቼ ልምጣ መሰለኝ» አልሽ። እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የድሮ ደብተሮቼን ከሳጥን አውጥቼ አቧራቸውን አራገፍኩ።

የብዩን ነገር ታስታውሺዋለሽ? ዘጠኝ ዓመት ቢሆንሽ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረው፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበር ይከማችበት ነበር። ስለዚህ የቤታችን በረንዳ ላቦራቶሪዬ ሆነ። ሲሚንቶው ላይ ዱቄት በተንኩና አንድ ብይ መሃል አስቀመጥኩ። አንቺ በሌላ ብይ መታሻት። ሁለቱም ዱቄቱ ላይ መስመር እየሰሩ ሄዱ። መስመሮቹ መሃል የደብተር ጥግ አስገባሁበት። ልክክ አለ ማለት ይቻላል።

ያኔ ምክንያቱን አልነገርኩሽም፣ ልጅ ነበርሽ። እኩል ክብደት ካላቸው ብዮች አንዷ ቆማ ሌላዋ በጎን ብትመታት፣ ሞመንተም ሦስቱን ፍጥነቶች የአንድ ሦስት ማዕዘን ሦስት ጎን ያደርጋቸዋል። ኢነርጂ ደግሞ የመጀመሪያው ፍጥነት ስኩዌር የሁለቱ ስኩዌሮች ድምር ነው ይላል። ይኼ ፓይታጎረስ ነው። ስለዚህ በመሃላቸው ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሆናል። የኛ ብዮች ስለሚንከባለሉ ትንሽ ዝንፍ ይላሉ እንጂ። ምቱ የተመጣጠነ ሲሆን አንዷ በ45 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ሌላዋ በ45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ትሄዳለች።

ያን ቀን ግን ያጣላችሁ ማዕዘኑ አልነበረም። ብዮቹ አንድ ዓይነት ነበሩ፣ ወንድምሽ «የግራዋ የኔ ነች» አለ፣ አንቺም «የኔ ነች» አልሽ። እኔ መስመሩን ተከትዬ ፈረድኩ። የዱቄቱ መስመር ማን ከየት እንደመጣ ያሳያላ። ኒውተንም ቢሆን የሚፈርደው እንደዚያ ነበር። እናትሽ ደግሞ ስለ ዱቄቱ በሁላችንም ላይ ፈረደች።

አሁን ወደ መቃብሩ ሰውዬ ልመለስ። በፈረንጆቹ 1926 ነው። ሽሮዲንገር የሚባለው የፊዚክስ ሰው የኤሌክትሮንን የሞገድ ቀመር ገና ማውጣቱ ነው፣ ግን የሚወዛወዘው ነገር ምን እንደሆነ የገባው የለም። ቦርን እዚያው ጎቲንገን ቁጭ ብሎ ግጭት ያሰላል፤ ኤሌክትሮን አተም ላይ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሞገዱ ከግጭቱ በኋላ ድንጋይ እንደተወረወረበት ውሃ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። ኤሌክትሮኑ ግን አይሰራጭም፤ ሲያዝ አንድ ቦታ ላይ ሙሉውን ነው የሚያዘው። ስለዚህ ሞገዱ የሚነግረን የት እንደሄደ ሳይሆን ወዴት የመሄድ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው አለ። ፕሮባብሊቲ ኳንተም ሜካኒክስ ውስጥ፣ የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ ውስጥ፣ በግጭት በር ገባች ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም በይልኝ። ቦርን በመጀመሪያዋ አጭር ጽሑፉ ላይ ፕሮባብሊቲው ራሱ አምፕሊቱዱ፣ የሞገዱ ከፍታ፣ ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ሊታተም ሲል እርማቱ ላይ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ጨመረ፦ በደንብ ሲታሰብ የአምፕሊቱዱ ስኩዌር ነው የሚል። ያቺ ስኩዌር ዛሬ በየመማሪያው አለች። የገባችው ግን በግርጌ ማስታወሻ ነው! የኖቤል ሽልማቱም የደረሰው በ1954 ነው። በመሃል ናዚዎች አይሁዳዊ ነው ብለው በ1933 ከስራው አውጥተውት፣ ኤደንብራ ሄዶ አስተምሯል። በስተርጅናው ተመልሶ ነው እዚያው የተቀበረው።

ሁለቷ የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1930 ኔቪል ሞት የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ የናንተን የብይ ጠብ አነሳው። አልፋ ቅንጣት ሂልየም ጋዝ ውስጥ ሲተኮስ የሚገጨው የሂልየም ኒውክለስ ነው፤ ያ ማለት ራሱን አልፋ ቅንጣትን። መለኪያሽን 45 ዲግሪ ላይ አስቀምጪ። የመጣው የተተኮሰው ይሆን ወይስ የተመታው? ዱቄት የለ፣ መስመር የለ። በድሮው ፊዚክስ አቆጣጠር ለተተኮሰው አንድ፣ ለተመታው አንድ፣ ድምሩ ሁለት። በኳንተም ግን መጀመሪያ አምፕሊቱዶቹን ትደምሪያለሽ፣ አንድና አንድ ሁለት፤ ከዚያ የቦርንን ስኩዌር ታደርጊያለሽ፣ አራት። አራት ደግሞ የሁለት እጥፍ ነው። ቻድዊክ የሚባል ተመራማሪ በዚያው ዓመት ካምብሪጅ ውስጥ ሞክሮት ሁለት እጥፍ አካባቢ አገኘ። ኒውትሮንን ከማግኘቱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ በ1911 የአልፋንና የወርቅን ግጭት በድሮው መካኒክስ አስልቶት ነበር። ኳንተም ሲመጣ ያው ቀመር ወጣ፣ ምንም አልተለወጠም። አጋጣሚ ነው። ወርቅና አልፋ ስለማይመሳሰሉ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሁለቷ የምትታየው ተጋጪዎቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው።

ያንቺ ሁለት የኔቪል ሞት ሁለት ነች ማለቴ አይደለም። እኔ የአስራ አንደኛ ክፍል መምህር ነኝ፣ ያንቺን ወረቀት ሦስተኛው መስመር ላይ ነው የጣልኩት። ግን እስኪ ልጠይቅሽ። ከግጭቱ የሚወጡት ቅንጣቶች መሃል አንድ ዓይነት የሆኑ አሉ? ካሉ ማዕዘኑን ሁሉ ስትደምሪ አንዱን ክስተት ሁለቴ ቆጥረሽው እንዳይሆን። ግራና ቀኝ ሲለዋወጡ ያው ናቸውና ለሁለት ማካፈል ያስፈልጋል። ምናልባት አይተሽው ይሆናል። አይተሽው ከሆነ ሽማግሌ ለፈለፈ በይና እለፊው።

አጎትሽ ስለ ስራሽ አሁንም ይጠይቀኛል። «ያ 27 ኪሎሜትር የቅንጣት ማጋጫ ቀለበት ውስጥ ነው የምትሰራው?» ይላል፣ ዜና ላይ አይቶ። የለም፣ እሷ በወረቀትና በእርሳስ ነው የምታጋጨው እለዋለሁ። ቅር ይለዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ሐኪም ብትሆኚ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፌሽ ነበር፤ ታውቂዋለሽ። አሁን ማታ ማታ ያንቺን ጽሑፍ ይዤ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ እናትሽ ትስቅብኛለች።

መምጣት ካማረሽ ለገና ነይ፤ ቤትሽ ነው። ስሌቱን ግን ይዘሽው ነይ። በሶና በርበሬ በሰው ልኬልሻለሁ፣ በሶው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ስታገኚ እንዳትደነግጪ። ከገበያ ያገኘኋቸው ሁለት ብዮች ናቸው፣ እንደ ድሮዎቹ አንድ ዓይነት። እኔም ሁለት አስቀርቻለሁ፣ በረንዳው ላይ ልሞክራቸው ብዬ። እናትሽ ግን ዱቄቱን ቆልፋበታለች።

አባትሽ