ዓመቱን አብረውኝ የዘለቁ ገጸ ባሕርያት

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

በዓመት መጨረሻ የሚወጡ የምርጥ መጻሕፍት ዝርዝሮች ዘወትር በደራስያን ላይ ስለሚያተኩሩ፣ እኔ ከልቤ ስላልወጡት ገጸ ባሕርያት ጥቂት ለማለት ፈለግሁ።

ቀዳሚው ሳንቾ ፓንዛ ነው። የሰርቫንቴስን «ዶን ኪኾቴ» ዘንድሮ ደግሜ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በባላባቱ ላይ ሳይሆን በዚህ ተረት በማያልቅበት ገበሬ ላይ ነበር። ሲመኘው የኖረውን አገረ ገዥነት አግኝቶ በጥቂት ቀናት ከተንገፈገፈ በኋላ፣ ወደ ጋጣ ወርዶ አህያውን አቅፎ ሲያለቅስ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጉዱ ካሳንም ከአጠገቡ አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለቱ ቢገናኙ ሳይጨቃጨቁ አያድሩም ነበር።

በቅርቡ ይታተማሉ ከተባሉት መጻሕፍት አብልጬ የምጠብቀው ተከታታይ ክፍሎችን ነው። የ«ዶን ኪኾቴ» የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1605 ወጥቶ ሁለተኛው እስከ 1615 ሲዘገይ፣ በ1614 ሌላ ሰው በብዕር ስም የራሱን «ሁለተኛ ክፍል» አሳትሞ ነበርና፣ የደራሲ መዘግየት አንባቢን ብቻ ሳይሆን አስመሳይንም ይጠራል። ሰርቫንቴስ ግን የዚያን ሰው መጽሐፍ በራሱ ልብ ወለድ ውስጥ መሳለቂያ አደረገው፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

አንድ ልመና አለኝ። ሽፋኑ ላይ ክፍሉ ያልተጻፈበት ልብ ወለድ ገዝቼ ሁለተኛው ቅጽ መሆኑን የተረዳሁት ሃያ ገጽ ካነበብሁ በኋላ ስለነበር፣ ስለ አዳዲስ መጻሕፍት ስትዘግቡ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑና፣ ትርጉም ከሆኑም ተርጓሚው ማን እንደሆነና ከየትኛው ቋንቋ እንደመለሳቸው ብትገልጹልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ