ይድረስ መሐል ሜዳ ላለው ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱንም ሥራውንም ለምጄዋለሁ። ከተጠያየቅን ስንት ጊዜ ሆነን! የእህትህ ጉዳይ መልሶ ስላገናኘን ከልቤ ደስ ብሎኛል።

መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። እህትህ ፍሬሽማን የሚባለውን የመጀመሪያ ዓመት ጨርሳ ዲፓርትመንት፣ ማለትም የምትማርበትን የትምህርት ክፍል፣ ልትሞላ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ያምራታል፤ ግን ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ኮምፒውተር ነክታ ስለማታውቅ ፈርታለች። አንተም "ምንድን ነው የሚማሩት? ትችለዋለች ወይ?" ብለኸኛል። በስልክ ሁለት ቃል ተናግሬ ማለፍ አልፈለግሁም።

ከፍርሃቷ ልጀምር። እኛ ክፍል ላፕቶፕ ይዞ ያደገ ልጅ ነበር። ማውስ መያዝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተማሩ፣ እንደ ሞላሌና እነዋሪ ካሉ ትንንሽ ከተሞች የመጡ ልጆችም ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ልዩነቱ ይታያል። ኪቦርድ ላይ ፊደል እየፈለጉ መጻፍ ያዘገያል፣ ያሳቅቃልም። ትንሽ ቆይቶ ግን ይጠፋል። ምክንያቱም የሚማሩት የኮምፒውተር አጠቃቀም አይደለም። አንድን ችግር ማሽን ሊፈጽመው እስኪችል ድረስ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማሰብ ነው የሚማሩት። ይህንን ደግሞ ማንም ከቤቱ ይዞት አልመጣም።

ጠቅላላው አራት ዓመት ነው፤ የጨረሰችው ፍሬሽማን አንዱ ነው። ከዚያ ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ፣ ይጀመራል፤ እኛ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው የጀመርነው። ትእዛዝ መጨረሻ ላይ የምትገባውን ሰሚኮለን (;) ስትረሳ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግርሃል፤ ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ ኮምፒውተሩ ምንም ኤረር (የስህተት መልእክት) ሳያሳይ መልሱ ስህተት ሲሆን ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም። ያን ጊዜ መስመር በመስመር እየተከተልክ "እዚህ ጋ ይህ ዋጋ ስንት ነው?" እያልክ መፈለግ አለብህ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ይህን ትምህርት የሚተዉት ልጆች ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ቶሎ መመለስ የለመዱ ስለሆኑ ግን እዚህ ላይ ይሰለቻቸዋል። እህትህ አንድ የሂሳብ ጥያቄ እምቢ ሲላት ደብተሩን የማትዘጋ ከሆነች ትችለዋለች። ይህን የምልህ በእርግጠኝነት ነው።

ሂሳቡ ብዙ ነው፤ ይህን ቀድማ ትወቅ። ሊኒየር አልጀብራ አለ፣ ፕሮባብሊቲ አለ፣ ዲስክሪት ማትስ (እንደ ሎጂክና ስብስብ ያሉትን የሚያስተምር ሂሳብ) አለ። ዲስክሪት ላይ መልስ ማግኘት ብቻ አይበቃም፣ ማረጋገጫ መጻፍ ያስፈልጋል። እኔ ግን ትምህርቱን የወደድኩት ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ማለትም የመረጃ አደራደርና የአሠራር ዘዴ፣ ስንማር ነው። አንድ ሚሊዮን ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ ቢሰጥህና አንዱን ብትፈልግ፣ ከላይ ጀምረህ ከቆጠርክ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ልታይ ትችላለህ። መሐሉን እያየህ የማይሆነውን ግማሽ እየጣልክ ከሄድክ ግን 20 ጊዜ ይበቃሃል። ማሽኑ ያው ነው። የተለወጠው አስተሳሰቡ ነው። ይህንን ሳይ ያደረብኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሌላም ልንገርህ፣ አንተ የአማርኛ መምህር ስለሆንክ ትወደዋለህ። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን በ1999 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል። ስለዚህ በሲ ፕላስ ፕላስ "ሰላም" የሚለውን ጽፈህ ርዝመቱን ብትጠይቅ ዘጠኝ ይልሃል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ ለማሽኑ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። "ፀሐይ" ብለህ ብትፈልግ "ጸሀይ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልህም፤ አንድ ሰው አስቦ ካላስተማረው በስተቀር። የእኛ ቡድን የመመረቂያ ፕሮጀክት ይህንኑ የሚፈታ የአማርኛ መፈለጊያ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ ከእኛ በቀር ማን ይሠራልናል? እህትህን የመሰሉ ልጆች እንዲገቡበት የምመኘው ለዚህ ነው።

የቀሩትን ኮርሶች አላሰለችህም፦ ዳታቤዝ፣ ኔትወርኪንግ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ጃቫ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፓይለር፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ማሽን ምን መሥራት እንደሚችልና እንደማይችል በሂሳብ የሚመረምረው ኦቶማታ የሚባለው ኮርስ ላይ ብዙ ተማሪ ይጨነቃል። ሆኖም እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እንደ አውሮፓውያን በ1936 ያሳየውን የምትማረው ከዚህ ኮርስ ጋር ተያይዞ ነው፦ ማንኛውንም ፕሮግራም አይቶ "ይህ ይቆማል፣ ያኛው ለዘላለም ይሽከረከራል" ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። አስበው፣ ይህንን ያሳየው ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮምፒውተር ገና ሳይሠራ ነው።

አሁን አንድ ነገር አጥብቀህ ንገራት። ላብ ላይ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ለሦስት ይደርሳል። ኪቦርዱን ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ይይዙታል፤ ሴቶቹ ከጎን ቆመው ይጽፋሉ። ማስታወሻቸው ያምራል፣ እጃቸው ግን አልሠራም። ግሩፕ ፕሮጀክት ላይም ሪፖርት መጻፍና ስላይድ ማዘጋጀት ወደ እነሱ ይገፋል። እህትህ ይህንን እንዳትቀበል። "ዛሬ ኮዱን እኔ ነኝ የምጽፈው" ትበል። ሲያይዋት ታፍር ይሆናል፣ ይሁን። ኮድ ሰው ሲጽፍ በማየት አይለመድም።

መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። የሁለተኛ ዓመት ኮርሶችም ስላሉበት ደብተሮቿን አትጣል። ስለ ሥራም እውነቱን ልንገርህ፤ ዲግሪው ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። ቀጣሪዎች ቀድመው የሚጠይቁት "ምን ሠርተሃል?" ብለው ነው። ክረምት ክረምት አንድ ትንሽ ነገር ብትሠራ፣ ለአንተ ትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያም ቢሆን፣ ያ ይቆጠርላታል።

ላፕቶፕ አዲስ ካልሆነ ብለህ ራስህን አታስጨንቅ። 8 ጂቢ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) እና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ያለው ያገለገለ ይበቃታል። ብቻህን አትግዛ፤ ባትሪው የሞተ ይሸጡልሃል። ደብረ ብርሃን ስትመጣ አብረን እናያለን። ከመሙላቷ በፊት ትደውልልኝ፤ ከእኔ ጋር የተማሩ ሁለት እህቶች አሉ፣ ከእነሱም ጋር አገናኛታለሁ። የግሬድ ሪፖርቷን ፎቶ ላክልኝ፣ በተለይ የሂሳቡን ማየት እፈልጋለሁ።

የሚወድህ ወንድምህ
ከደብረ ብርሃን