በቤታችሁ የገጣጠማችኋቸው ፔዳሎች ስለሚያሰሙት ጫጫታና ስለ ምርመራ ክፍያው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከእኛ ክፍሎቹን ገዝታችሁ በቤታችሁ የገጣጠማችኋቸውን የጊታር ኢፌክት ፔዳሎች (በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡ ሣጥኖች) ጫጫታ ለመመርመር ከያዝነው ወር መጀመሪያ አንሥቶ 400 ብር ማስከፈላችን፣ ፔዳሉም ከነኧዳፕተሩና ከነኬብሉ ካልመጣ አንቀበልም ማለታችን ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ተረድተናል። «ሸጣችሁ ስታበቁ ጀርባችሁን ሰጣችሁን» ያላችሁንም ሰምተናል፤ እውነቱን ለመናገር ይህ አነጋገር ልባችንን ነክቶታል። ነገሩ በድንገት ደርሶባችሁ የተጉላላችሁትን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን እንዳለ ይጸናል፤ ለምን እንደሚጸና ደግሞ ማስረዳት ይገባናል።

«ይጮኻል» ተብሎ የሚመጣልን ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። እኛ ጠረጴዛ ላይ በባትሪ ስንሞክረው ዝም ይላል፤ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ሲሰካው እንደገና ይጮኻል፤ እርሱም ተመልሶ ይመጣል፣ እኛም ያው ፔዳል ላይ እንደገና እንቀመጣለን። ይህ በሽተኛው ቤት ቀርቶ ጋቢው ብቻ ሐኪም ዘንድ እንደ መላክ ነው። ጫጫታው በአብዛኛው ያለው ቤት ከቀረው ዕቃ ውስጥ ነውና።

ከሁሉ በፊት ኧዳፕተሩን እንውሰድ። ፔዳሎቻችን የሚሠሩት በ9 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኃይል) ሲሆን መሰኪያው መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። ለራውተር ወይም ለካሜራ የተሠራ ኧዳፕተር ብዙ ጊዜ መሐሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ያለ ምርመራ የሰካው ሰው ጫጫታ ብቻ ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ የፔዳሉን ክፍል ያቃጠሉም አሉ። መሰኪያው ቢስማማ እንኳ ርካሽ ኧዳፕተር ንጹሕ ኃይል አይሰጥም። የመብራት ኃይላችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በትራንስፎርመር የሚሠራው አሮጌው ዓይነት ኧዳፕተር ይህን ወደ ዲሲ ሲቀይረው የ100 ኸርዝ ጉምጉምታ ይተርፋል። ክብደቱ ቀላል የሆነው ዘመናዊው ዓይነት ደግሞ አይጎመጉምም፤ በምትኩ ቀጭን ፉጨት ያስገባል፣ በተለይም ዲጂታል ዲሌይና ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚደጋግመውና የሚያሻክረው ፔዳል) ከአንድ መስመር ኃይል ሲካፈሉ። ክፍሎቹ በሚበየዱበት ሰሌዳችን ላይ በኃይል መግቢያው በኩል ለ100 ኦም ሬዚስተርና ለ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቦታ ያበጀነው በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱ ተጣምረው የ100 ኸርዙን ጉምጉምታ ወደ ስድስተኛ እጁ ያወርዱታል። ሆኖም «ያለ እነርሱም ድምፅ ይሰጣል» ብላችሁ የምትተዉአቸው አላችሁ፤ ክፍሎቹን በከረጢት አድርገን እንደ ሰጠናችሁ ሳይነኩ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ ግን እንዴት እንዳዘንሁ ብታውቁት አይከፋኝም።

ሁለተኛው ጊታሩ ራሱ ነው። ፒካፑ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ነጠላ የሽቦ ጥቅል የሆነ ጊታር ከአምፖል፣ ከዲመር፣ ከትራንስፎርመር የሚወጣውን መግነጢሳዊ ጉምጉምታ ይቀበላል፤ ዲስቶርሽን ደግሞ ደካማውንም ኃይለኛውንም ድምፅ አብሮ ያጎላል። ጊታራችሁን እንደያዛችሁ በዝግታ ዙሩ፤ ጉምጉምታው በአንድ አቅጣጫ ቀንሶ በሌላው ከጨመረ ፔዳሉን መፍታት አያስፈልጋችሁም። ክራር ላይ ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ክፍል) ለጥፋችሁ ለምትጫወቱም ይህ ይመለከታችኋል። ፒየዞ ቢያንስ የ1 ሜጋ ኦም ተቃውሞ ያለው የፔዳል መግቢያ ይፈልጋል፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ ድምፁ ይቀጥናል፣ እናንተም ለማካካስ ጌኑን (የማጉያውን መጠን) እስከ ጥግ ትወስዱታላችሁ፣ በዚያን ጊዜ ሽሽታው ከዜማው በላይ ይሰማል።

የቤታችሁ ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደኅንነት መስመር) የሌለው ከሆነ፣ ብዙ ቤቶች ደግሞ እንዲህ ናቸው፣ አምፕሊፋየሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊጎመጉም ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ አሳስባለሁ፦ ጉምጉምታን ለማጥፋት ብሎ የአምፕሊፋየሩን የኧርዝ እግር መቁረጥ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ። ውስጡ ብልሽት ቢፈጠር 220 ቮልቱ በጊታሩ የብረት ክሮች አድርጎ ወደ እጃችሁ ሊመጣ ይችላል።

የእጅ ሥራ የሚያመጣው ጫጫታም እንዳለ አልክድም። የመግቢያውና የመውጫው ሽቦ ጎን ለጎን ከተዘረጉ ፔዳሉ ጌኑ ሲጨመር ያፏጫል፤ ሽቦዎቹን ማራራቅ፣ የመግቢያውንም በሽልድ ኬብል (በብረት መረብ በተሸፈነ ሽቦ) ቀይሮ ሽልዱን በአንድ ጫፉ ብቻ ከግራውንድ (ከሰርኪቱ የጋራ ኔጌቲቭ መስመር) ማገናኘት ይበቃዋል። ማብሪያውን ስትረግጡ «ጧ» የሚል ከሆነ ከመግቢያው ወደ ግራውንድ የ1 ወይም የ2.2 ሜጋ ኦም ሬዚስተር መኖሩን እዩ። ሰርኪቱን በፕላስቲክ የምግብ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ደግሞ ማግኘት የምትችሉትን መከለያ በገዛ እጃችሁ ትታችሁታል፤ አሉሚኒየም ሣጥን ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ ይከልላል፣ ፕላስቲክ አይከልልም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማጣራት ጊዜ ይወስዳል። ይህን ሥራ የጀመርሁት የሰፈር ባንዶችን አምፕሊፋየር እየጠገንሁ ነው፤ በዚያን ጊዜ ለምርመራ ገንዘብ መቀበል አሳፋሪ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ያ ስሜት ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ይሁን እንጂ ከሬዚስተሩ እስከ ጃኩ፣ ከሶልደሩ እስከ ሣጥኑ ሁሉም ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቀድሞው ዋጋው አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ የክፍሎቹን ዋጋ እንደ ምንዛሪው አላሳደግንም። ተማሪ ደንበኞቻችንን እያሰብን ልዩነቱን ከራሳችን ተሸከምነው፤ ያን ጊዜ ደብዳቤ አልጻፍንላችሁም፣ ማንም እንዲያመሰግነን አልጠየቅንም። አሁን የቀረን አማራጭ ወይ የክፍሎቹን ዋጋ በሁሉም ላይ መጨመር፣ ወይም ምርመራውን የሚፈልገው ሰው ብቻ እንዲከፍል ማድረግ ነበር። ሰሌዳውን በጥንቃቄ ገጣጥሞ ያለ ጫጫታ የሚጫወተው ደንበኛ የሌላውን የኧዳፕተር ችግር በዋጋ ጭማሪ እንዲሸከም ማድረግ ፍትሕ መስሎ አልታየንም።

ክፍያውንም በጭፍን አላወጣነውም። ጉድለቱ እኛ ከሸጥነው ክፍል የመጣ ሆኖ ከተገኘ አንዲት ሳንቲም አንቀበልም፤ ክፍሉንም እንተካለን። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ከሆነም የከፈላችሁት 400 ብር በቀጣዩ ግዢያችሁ ላይ ይቀነስላችኋል። ከመምጣታችሁ በፊት ፔዳሉን በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩት፤ ጫጫታው በባትሪ ከጠፋ ኧዳፕተራችሁን ቀይሩ፣ ወደ እኛ መምጣትም ገንዘብ መክፈልም አያስፈልጋችሁም። የሚሸጥልን ነገር ባይኖርም ይህን ምክር በመስጠታችን አንቆጭም።

ለብዙ ጊዜ አብራችሁን የቆያችሁ፣ የመዘምራን ቡድኖችም በሆቴል የምትጫወቱ ባንዶችም ጭምር፣ ከእኛ ጋር እንድትቀጥሉ እንፈልጋለን፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ፔዳላችሁን እኛ ዘንድ ያስቀመጣችሁ በቀድሞው አሠራር ያለ ክፍያ ትስተናገዳላችሁ፤ ኧዳፕተራችሁን ብቻ ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ ፔዳሎቹ ስማችሁ ተጽፎባቸው መደርደሪያ ላይ አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባለቤት
አዲስ አበባ